ደብተሩ ኦሪጅናል፣ የተጻፈበት ፎርጅድ፦ ለአንድ የጨረታ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጨረታ ቤቱ ሥራ አመራርና ለወታደራዊ ሰነዶች ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በወታደር ደብተሮች ላይ የሚጨመሩ የሐሰት ጽሑፎችንና አዲሱን የሽያጭ ደንባችሁን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ ጀርመን አገር የምንኖር፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወታደራዊ ሰነዶች የምንሰበስብና የምናጠና ጥቂት ሰዎች ነን። ደንበኞቻችሁም ነን። ስማችሁን እዚህ አንጠራም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ሌሎቹ ጨረታ ቤቶችም ከእናንተ ብዙ አይሻሉም። ደብዳቤውን በጀርመንኛ ልከንላችኋል። በአማርኛም ያወጣነው ከወገኖቻችን መካከል ይህን ዕቃ መግዛት የጀመሩ ስላሉ ነው። እነሱም ሳይሸወዱ ቢያነቡት ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዕር ያስነሳን አዲሱ ደንባችሁ ነው። የወታደር ደብተር ስትሸጡ ዋስትናችሁ ለደብተሩ ኦሪጅናልነት ብቻ እንደሆነ፣ ውስጡ ለተጻፈው ግን ኃላፊነት እንደማትወስዱ አስታውቃችኋል። ዕቃ የመመለሻውንም ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንት አውርዳችሁታል። ጉዳዩ ተራ የቢሮ ማስተካከያ ተደርጎ ነው የቀረበው። ለእኛ ግን እንደዚያ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንበል። የናዚ ዘመን የጀርመን ወታደር ሁለት ደብተር ነበረው። አንደኛው ዞልድቡክ ነው። የደመወዝም የመታወቂያም ደብተር ነው፤ ወታደሩ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። ሁለተኛው ቬርፓስ የሚባለው የአገልግሎት ደብተር ነው። ወታደሩ በሥራ ላይ ሳለ ቬርፓሱ ክፍሉ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከሞተ ለቤተሰቡ ይላካል። ዞልድቡክ 24 ገጽ ያህል ነው። ማዕረጉ፣ የአንገት መለያ ቁጥሩ፣ የደም ዓይነቱ፣ የጫማ ቁጥሩ፣ የተከተበው ክትባት፣ የተኛበት ሆስፒታል፣ የዓመት ፈቃድ የወጣበት ቀን ሁሉ ይጻፍበታል። ገጽ 22 ላይ የተሸለማቸው ሜዳልያዎችና ምልክቶች ይመዘገባሉ። ገበያው የሚያብደው እዚች ገጽ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንድ ተራ የስንቅ ክፍል ሹፌር ደብተር በርካሽ ይሸጣል። ያው ደብተር ገጽ 22 ላይ አንድ መስመር ከተጨመረበት ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። የፓራሹት ጦር፣ የታይገር ታንክ ሻለቃ ወይም የኤስ ኤስ (የናዚ ፓርቲ የራሱ ታጣቂ ኃይል) ክፍል ስም ከገባበትማ አይነገርም። ስለዚህ አጭበርባሪው አዲስ ደብተር መሥራት አያስፈልገውም። ርካሹን ኦሪጅናል ይገዛል፤ ባዶ መስመር ይፈልጋል፤ ይጽፍበታል፤ ማኅተም ይመታበታል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ሽፋኑ እውነተኛ ነው፣ ሰውየውም እውነተኛ ነው። ውሸቱ አንድ መስመር ነው። የምንከፍለው ገንዘብ ደግሞ የዚያች የአንድ መስመር ዋጋ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅሬታችን ይኸው ነው። ካታሎጋችሁ ላይ በደማቅ ፊደል የምታወጡት "የቅርብ ውጊያ ምልክት ያገኘ የግንባር ወታደር" እያላችሁ ነው። መነሻ ዋጋውን የምትተምኑትም በዚያው ነው። ደንባችሁ ላይ ስንደርስ ግን ስለ ጽሑፉ አናውቅም ትላላችሁ። ይህ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው። ለጽሑፉ ዋስትና ካልሰጣችሁ በጽሑፉ አትሽጡ። ደብተሩን "ያገለገለ የወታደር ደብተር፣ 24 ገጽ" ብላችሁ አውጡትና ማን ምን ያህል እንደሚከፍል እንይ።

በደንቡ ላይ "ደብተሩ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ወንጀል የለም" የሚል መንፈስም አለ። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 267 እንዲህ አይልም። አንቀጹ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትን ብቻ ሳይሆን እውነተኛውን ሰነድ ለማታለል መለወጥንና በተለወጠው መጠቀምንም ይቀጣል። እያንዳንዱ ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል ወይ የሚለውን ፍርድ ቤት ይመልሰው። "ደብተሩ ኦሪጅናል ነው" የሚለው መልስ ግን ውሃ አያነሳም።

ወደ ተጨባጩ እንግባ።

ከእናንተ የገዛነው አንድ የእግረኛ ወታደር ዞልድቡክ አለ። ገጽ 22 ላይ በነሐስ ደረጃ የቅርብ ውጊያ ምልክት መጋቢት 1942 እንደተሰጠው ይላል። ይህ ምልክት የተቋቋመው ኅዳር 25 ቀን 1942 ነው። ሰውየው ሽልማቱ ከመፈጠሩ ስምንት ወር ቀድሞ ተሸለመ ማለት ነው! ስንጽፍላችሁ "የሻምበሉ ጸሐፊ ቀን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል" አላችሁን። ጸሐፊ ይሳሳታል፤ ጥር ላይ ያለፈውን ዓመት የሚጽፍ ሞልቷል። የዚህኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ከመስመሩ በላይ የየካቲት 1942 ሽልማት አለ። ከሥሩ ደግሞ የምሥራቅ ግንባር የክረምት ሜዳልያ በነሐሴ 1942 ተጽፏል። ይህ ሜዳልያ የተቋቋመው ግንቦት 26 ቀን 1942 ስለሆነ ቀኑ ልክ ይመጣል። መጋቢት የተባለው በሁለቱ መካከል ነው የተሸጎጠው። ጸሐፊ የተሳሳተው ቀን ሳይሆን አጭበርባሪ ባዶ ቦታ አግኝቶ ለቦታው የሚስማማ ቀን የፈለሰፈለት ነው። ደግሞም የነሐሱ ደረጃ 15 የቅርብ ውጊያ ቀን ይጠይቃል፤ ብሩ 30፣ ወርቁ 50። እነዚህ ቀኖች ብዙ ጊዜ እዚያው ደብተር ውስጥ ወይም በተለጠፈ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይገኛሉ። እዚህ ደብተር ውስጥ አንድም ቀን የለም።

ሌላው ይባስ። የዋርሶ ጋሻ የተጻፈበት ደብተር ለጨረታ አቅርባችኋል። ይህ የክንድ ምልክት ታኅሣሥ 10 ቀን 1944 ተፈቅዶ ነበር። ሆኖም ጦርነቱ እስኪያልቅ ለወታደር ሳይታደል ቀርቷል። እናንተ ግን ማኅተምና ፊርማ ያለበት "የተሸለመ" ሰው አግኝታችኋል። ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ሰው ሽልማቱ የታደለ ነው ወይ ብሎ ለአምስት ደቂቃ ቢፈትሽ ይህ ዕቃ ካታሎግ ውስጥ አይገባም ነበር።

የቀኖቹን ነገር አጥብቀን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ፎርጅድ የሚያዝ የሚመስለው በመብራትና በመሣሪያ ነው። የአልትራቫዮሌት መብራት ይጠቅማል። ከጦርነቱ በኋላ በወረቀት ውስጥ በስፋት የገባው ማንጫ ኬሚካል በመብራቱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የተቀየረ ገጽ ወይም አዲስ የተለጠፈ ወረቀት በዚህ ይታወቃል። የተፋቀ ወይም በኬሚካል የታጠበ ቦታም ይለያል። ባለ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶም ራሱን ያጋልጣል። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው ጥቅምት 1945 ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ በአውሮፓ ጦርነቱ ያበቃው ግንቦት 1945 ነው። 1942 የተባለ ጽሑፍ በኳስ እስክሪብቶ ከተጻፈ ወሬው አለቀ። ግን መብራቱ የሚይዘው ሰነፉን አጭበርባሪ ነው። ጎበዙ የዘመኑን ቀለም ጠርሙስ ከቁንጫ ገበያ ይገዛል፣ የዘመኑን የብረት ብዕር ይገዛል፣ የሚጽፈውም በእውነተኛው የድሮ ወረቀት ላይ ነው። መብራታችሁ ምንም አያሳያችሁም። እሱን የሚይዘው ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ ነው።

እናንተ ደግሞ በመግለጫችሁ "በአልትራቫዮሌት የተፈተሸ" ብላችሁ ማኅተም እንደመታችሁ ዓይነት ታልፉታላችሁ። ገዢው አንብቦ ልቡ ያርፋል። ይህ ማረፍ ነው የሚያስበላው።

ስለ ክፍሎች ስምም እንዲሁ። የጀርመን ጦር እግረኛ ሬጅመንቶች "ግሬናዲየር ሬጅመንት" የተባሉት ጥቅምት 15 ቀን 1942 ነው። ከዚያ በፊት "ኢንፋንተሪ ሬጅመንት" ነበሩ። በ1941 ቀን "ግሬናዲየር" ተብሎ የተጻፈ መስመር ካየን ጆሯችን ይቆማል። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ወታደሩ ደብተሩ ጠፍቶበት ወይም ተቃጥሎበት ሁለተኛ ደብተር ከወጣለት ጸሐፊው የድሮውን ታሪክ በአዲሱ ስም ሊገለብጠው ይችላል። ያን ጊዜ የወጣበት ቀን ዘግይቶ ይታያል፤ የድሮዎቹ መስመሮችም ሁሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ይሆናሉ። ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ሌሎቹ መስመሮች በአምስት የተለያዩ እጆች ተጽፈው ሳለ አንዱ ብቻ ከዘመኑ ቀድሞ ሲገኝ ነው። ከእናንተ የገዛነው ሁለተኛው ደብተር እንዲህ ያለ ነው። የታይገሩም ነገር ያው ነው። ታይገር ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጊያ የገባው በ1942 የበጋ ማብቂያ ሌኒንግራድ አካባቢ ነው። በ1941 የታይገር ሠራተኛ የሆነ ሰው የለም።

አሁን አንዱን መስመር ጠጋ ብለን እናሳያችሁ። ገዢው አባላችን በአጉሊ መነጽር ያነሳውን ፎቶ ልኮላችኋል፤ እናንተ "ግልጽ አይደለም" ብላችሁ መልሳችሁታል። ግልጽ ነው። ደብተሩ ለዓመታት ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ኖሯል። ገጽ 22 መሐል ላይ የእጥፋት መስመር አለ። እጥፋቱ ላይ የወረቀቱ ቃጫዎች ተሰብረው ለስልሰዋል። ቀለም ለስላሳ ቦታ ላይ ሲፈስ ይሰርጋል፣ እንደ ፀጉር ይበታተናል። በላይኛው መስመር የብረት መስቀል ሁለተኛ ደረጃ ተጽፏል። ቀለሙ እጥፋቱን ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ቀጥሎ እጥፋቱ የቀለሙን ቅርፊት ሰንጥቆታል። መጀመሪያ ተጻፈ፣ በኋላ ታጠፈ ማለት ነው። ታችኛው መስመር ላይ ግን ቀለሙ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ወደ ላይና ወደ ታች ሮጧል። መጀመሪያ ታጠፈ፣ ኖረ፣ ከዚያ በኋላ ተጻፈበት። ከላይ 1940 ይላል፤ ከታች 1941 ይላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አንድ ዓመት አይመስልም። በገጹ ጥግ ላይም የጣት ቅባት አለ። የታችኛው መስመር ቀለም ቅባቱ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ይቆራረጣል። የላይኛው አይዘልም። እኛ ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አልገባንም። ባለ አሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

ማኅተሙን ስንመለከት ደግሞ የእጅ ማኅተም ላስቲኩ ወረቀቱን ሲጫን ቀለሙን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል፤ ጠርዙ ይደምቃል፣ መሐሉ ይሳሳል። በኢንክጄት የኮምፒዩተር ማተሚያ የታተመ ከሆነ በማጉያ ሲታይ ነጠብጣብ ነው። ብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ደብተር ከሆነም ማኅተሙ በተቃራኒው ገጽ ላይ ደብዘዝ ያለ የመስታወት ምስል ትቶ ይገኛል። ገጽ 22 ላይ አራት ማኅተም ኖሮ ሦስቱ ገጽ 23 ላይ ጥላ ጥለው አራተኛው ምንም ካልጣለ መጠየቅ ነው። በግንባር ያለ ክፍል በተለምዶ ስሙን በማኅተሙ ላይ አያወጣም፤ ለምሥጢር ሲባል ባለ አምስት አኃዝ የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር ነው ያለው። ስለዚህ ሩሲያ ግንባር ላይ ሙሉ ስሙን አድምቆ የጻፈ ዝነኛ ሻለቃ ማኅተም ሲመጣ ደስ አይበላችሁ። ፈራሚዎቹንም ተመልከቱ። ወታደሩ ክፍል ቀይሯል፣ የሻምበል አዛዡም ተቀይሯል፣ ፊርማው ግን ከዓመት ዓመት ያው አንድ እጅ ነው።

የእጅ ጽሕፈቱስ? ዙተርሊን የሚባለው የድሮ ጽሕፈት ከ1915 ጀምሮ በፕሩሲያ ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ኖሮ በ1941 ቀርቷል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ጸሐፊዎች ግን እጃቸው ስለለመደ በዚያው ቀጥለዋል። የዛሬ አጭበርባሪ ይህን ጽሕፈት የሚማረው ከሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቆንጆ ነው፣ ተለይቶ ቆሟል፣ ተሥሏል። በቀን ስንት ደብተር የሚሞላ የሻምበል ጸሐፊ እንዲህ አይጽፍም። ይቸኩላል፣ ያሳጥራል፣ የቃሉን ጅራት ይጎትተዋል። በጣም የሚያምር ጽሕፈት ስናይ እኛ እንጠረጥራለን፤ እናንተ ካታሎግ ላይ ታደምቁታላችሁ።

ፎቶውን ባጭሩ እንለፈው። ዞልድቡክ መጀመሪያ ላይ ፎቶ አልነበረውም፤ የመጣው በጦርነቱ ኋለኛ ዓመታት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ያወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ግማሾች ካልገጠሙ ወይም ወረቀቱ ላይ ሁለት ዙር የማያያዣ ቀዳዳ ካለ ፎቶው ተቀይሯል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ካታሎግ ፎቶዎቻችሁ ነው፤ ብዙም ያናደደን ይሄ ነው። የምታሳዩት የፎቶውን ገጽና ገጽ 22ን ብቻ ነው። ፎርጅድ ግን የሚጋለጠው ሌላው ገጽ ላይ ነው። ገጽ 4 የነበረባቸውን ክፍሎች ይነግረናል። የሆስፒታሉ ገጾች መቼ እንደቆሰለ ይነግሩናል። ጥቁሩ የቁስለኛ ምልክት ለአንድና ለሁለት ቁስል፣ ብሩ ለሦስትና ለአራት፣ ወርቁ ለአምስትና ከዚያ በላይ ነው የሚሰጠው። ብር የተጻፈለት ሰው ሆስፒታል ገጹ ላይ አንድ የጥርስ ሕመም ብቻ ካለው ምን እንበል? የፈቃዱ ገጽም ይመሰክራል። ሰውየው ክራይሚያ ላይ ተዋግቶ ጋሻ ተሸለመ በተባለበት ሳምንት ባቫሪያ ውስጥ እናቱ ጋ ፈቃድ ላይ ነበረ። እነዚህን ገጾች ጠይቀን "በአካል መጥታችሁ እዩ" ተባልን። ሃምቡርግ ያለ ሰው ለአንድ ገጽ ሙኒክ ድረስ በባቡር አይሄድም።

በዚያ ላይ የማኅተሞቹን መሐል በጥቁር ትሸፍናላችሁ። ምክንያታችሁ ይገባናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ የናዚ ምልክቶችን በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። የምትሸፍኑት ግን ስዋስቲካዋን ብቻ ሳይሆን ንስሩን፣ የዙሪያውን ጽሑፍና የፖስታ ቁጥሩን ጭምር ነው። ፎርጅድ ማኅተም የሚጋለጠው እዚያው ንስሩ ክንፍ ላይ ነው። ያው ሕግ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለታሪክ ዘገባ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ለተመዘገበ ተመራማሪ በኢሜይል ያልተሸፈነ ፎቶ መላክ የሚያስቸግር አይመስለንም። ሽፋኑ ሕግ ማክበሪያ ሆኖ ተጀምሮ አሁን የአጭበርባሪ መጋረጃ ሆኗል።

ሦስተኛው የጊዜው ጉዳይ ነው። ጥርጣሬያችንን ማረጋገጥ የምንችልበት አንድ ትልቅ ቦታ አለ። በ1939 ለጦር ተጎጂዎችና ምርኮኞች መረጃ ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ኋላ ዶይቸ ዲንስትሽቴለ ተብሎ ቆይቶ ከጥር 2019 ጀምሮ በፌዴራል ቤተ መዛግብት ሥር ገብቷል። የአንገት መለያ ቁጥሮች ዝርዝርና የቁስለኞች ሪፖርት በርሊን ውስጥ እዚያ አለ። ቁጥሩ በየትኛው ክፍል እንደተሰጠ ይገኛል። ግን ጥያቄ አስገብቶ መልስ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ሰጥታችሁን ማስረጃ አምጡ ማለት አታምጡ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉም ነገር መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ፖትስዳም የነበረው የጦር ሠራዊቱ ቤተ መዛግብት ሚያዝያ 14 ቀን 1945 በቦምብ ተመቶ ብዙ ተቃጥሏል። ስለዚህ ለብዙ ተራ ወታደሮች የተረፈው ወረቀት ይቺ የኪስ ደብተር ብቻ ናት። እኛ ናዚን ለማሞገስ አንሰበስብም፤ እንዲህ የሚሰበስቡ መኖራቸውን ግን እናውቃለን፣ ከእነሱም ጋር ቡና አንጠጣም። የምንሰበስበው አንድ ሰው የት እንደነበረና ምን እንዳደረገ ለማወቅ ነው። ምሥራቅ ግንባር የነበረው ክፍል በሲቪሉ ላይ ግፍ የፈጸመ ክፍል ሊሆን ይችላል። በደብተሩ ላይ የሌለ ክፍል መጨመር በሰው ላይ ያልሠራውን መለጠፍ ነው። አንድ ሰው የነበረበትን ክፍል ፍቆ ሌላ መጻፍ ደግሞ የሠራውን ማጠብ ነው። ሁለቱም በገበያችሁ አልፈዋል።

ከእኛ አንዱ የሚያውቃቸው አንዲት ጀርመናዊት አዛውንት አሉ። አባታቸው በጦርነቱ ጊዜ እንጀራቸው ዳቦ መጋገር ነበር፤ በዳቦ ጋጋሪ ሻምበል ውስጥ አገልግለዋል። ቬርፓሳቸው ለቤተሰቡ ደርሷል። እሱ ላይ ያለው የምሥራቅ ግንባር ሜዳልያና የጦር አገልግሎት መስቀል ነው፤ ሁለቱም ለጋጋሪ የሚገቡ ናቸው። ዞልድቡኩ ግን ከዓመታት በፊት ከቤት ወጥቶ ነበር። በእናንተ ጨረታ ላይ ብቅ ሲል ሴትዮዋ እንዲገዛላቸው አባላችንን ለመኑት፣ ገዛላቸው። ገጽ 22 ላይ አባታቸው የእግረኛ ጥቃት ምልክትና የብረት መስቀል አንደኛ ደረጃ ተሸልመዋል። ገጽ 4 ላይ ያው ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ አንድም ቀን ክፍል አልቀየሩም። የጥቃት ምልክቱ በሦስት የተለያዩ ቀኖች በእግረኛ ጥቃት ላይ ግንባር ቀድሞ መሰለፍን ይጠይቃል። ሴትዮዋ "አባቴ ዋሽቶኛል ወይስ ደብተሩ?" ብለው ጠየቁ። ደብተሩም አልዋሸ፣ አባትየውም አልዋሹ። የዋሸው ደብተሩን ለእናንተ ያመጣው ሰው ነው፤ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው። ቬርፓሱንና ዞልድቡኩን ጎን ለጎን አድርገን ላክንላችሁ። የመጣው መልስ "የሽያጭ ደንባችንን ይመልከቱ" የሚል ብቻ ነው።

አራተኛው ቅሬታ አጭር ነው፤ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ፎርጅድ መሆኑን አምናችሁ ገንዘብ የመለሳችሁልን አንድ ደብተር ነበር። እናመሰግናለን እንዳንል ደብተሩ በሚቀጥለው ወቅት ተመልሶ ጨረታ ላይ ወጣ። ያው የአንገት መለያ ቁጥር፣ ሽፋኑ ላይ ያው የቡና የሚመስል እድፍ። መግለጫው ላይ ስለ ፎርጅዱ አንድ ቃል የለም። ዋጋውም ጨምሯል። ለባለቤቱ መልሰንለት እሱ እንደገና አምጥቶት ነው ካላችሁ፣ የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። ከእሱ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። የማረጋገጫ ወረቀት የሚፈርሙላችሁ ባለሙያ አልፎ አልፎ ራሳቸው ለጨረታችሁ ዕቃ ያቀርባሉ። ያቀረቡትን ራሳቸው ያጸድቃሉ ማለት ነው። ይህን ለማንም ሳንናገር በደብዳቤ ጠይቀን ነበር። መልስ አልመጣም።

ከዚህ በመነሳት የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

አዲሱን ደንብ አንሱት። ዋጋ የወጣበት ጽሑፍ ሁሉ፣ በተለይ ገጽ 4ና ገጽ 22፣ በዋስትናው ውስጥ ይግባ። ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ገንዘቡ ይመለስ፤ የጨረታ ኮሚሽኑም ጭምር።

የመመለሻው ጊዜ ገዢው ለቤተ መዛግብቱ ጥያቄ ማስገባቱን ካሳየ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ይራዘም። ጥያቄው የገባበትን ማስረጃ እናቀርባለን፤ ያለ ማስረጃ ዕቃ አንጎትትም።

የእያንዳንዱን ደብተር ሁሉንም ገጽ ጥራት ባለው ፎቶ አቅርቡ። ባዶ ገጾችንም። ለተመዘገቡ አጥኚዎች ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ያልተሸፈነውን የማኅተም ፎቶ ላኩ።

ፎርጅድ መሆኑ የታወቀ ደብተር ወደ ጨረታው ተመልሶ እንዳይገባ የመለያ ቁጥሩን የያዘ የውስጥ መዝገብ ክፈቱ፤ ለሌሎች ጨረታ ቤቶችም አካፍሉ። አቅራቢው አውቆ ያደረገው መሆኑ ከታየ ለፖሊስ አመልክቱ። ለሻጭ በዝምታ መመለስ ይቅር።

ዕቃ የሚያቀርብ ሰው ማረጋገጫ አይፈርም። ይህን ማብራራት ያለብን አይመስለንም።

የዳቦ ጋጋሪውን ደብተር በተመለከተ ለልጃቸው ገንዘቡ ይመለስላቸው፤ ደብተሩም አብሮ ይሰጣቸው። አባታቸው የሌሎቹ ገጾች ሁሉ ባለቤት ናቸው፤ የተጨመሩትን ሁለት መስመሮች በጽሑፍ ሐሰት ብላችሁ አረጋግጡላቸው፣ ወረቀቱን ከደብተሩ ጋር ያስቀምጡት።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሚቀጥለው ጨረታችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልስ እስክናገኝ ድረስ ከወታደራዊ ሰነዶች ክፍላችሁ ምንም አንገዛም፤ የምናውቃቸውም እንዳይገዙ እንነግራለን። ካታሎጋችሁን ግን ማንበባችንን አናቆምም። ፎርጅድ ያየንበትን ዕቃ ቁጥሩንና ገጹን ጠቅሰን በየጊዜው እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጦርነት ዘመን ወታደራዊ ሰነዶች ሰብሳቢዎችና አጥኚዎች አስተባባሪ፣ ከጀርመን

ግልባጭ፦
ለወታደራዊ ሰነድ ገዢዎች በሙሉ